ጣሳ፣ ማንኪያ ወይስ ሚዛን? ሽሮና በርበሬ ቤቱ ለሚያዘጋጅ ሰው

እህቴ አዲስ አበባ ናት። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሽሮዋ ግን ከዚህ ካልተላከላት አትበላም። አንድ ቀን ደወለችና፣ «ያሁኑ ሽሮ ምን ነክቶታል? ጨው ጨው ይላል» አለችኝ። እኔ ደግሞ እንደ ሁልጊዜው ነው የሠራሁት። በዚያችው ጣሳ አተሩን ሰፈርኩ፣ በዚያችው ስኒ ጨውን ጨመርኩ። ምንም አልቀየርኩም ብዬ ድርቅ አልኩ።

ለካ ቀይሬያለሁ። ድሮ የምጠቀመው ጥርስ ጥርስ የሚያህለውን ሻካራ ጨው ነበር። ያን ሰሞን አልቆብኝ በላስቲክ የታሸገውን አዮዲን ያለበት ደቃቅ ጨው ጨመርኩ። ሻካራው ጨው ስኒ ውስጥ ሲገባ በመካከሉ ብዙ ክፍት ቦታ ይተዋል። ደቃቁ ግን ክፍተቱን ሁሉ ይሞላዋል። ስኒዋ ያው ናት፤ ጨው ግን በዛ።

መለኪያ ስለመምረጥ በደንብ ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ የምጽፈው ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ቅመም ቤቱ ለሚያዘጋጅ ሰው ነው። ለራሱ ይሁን፣ ለዘመድ የሚልክ ይሁን፣ ወይም በግማሽ ኪሎ እያሸገ ለሰፈር የሚሸጥ።

አማርኛችን ጉዳዩን ድሮ ነው የለየው። እህል በቁና ይሰፈራል፣ ቅቤ ይመዘናል። መስፈር የቦታ ነገር ነው፤ ዕቃው ምን ያህል ቦታ ያዘ ነው ጥያቄው። መመዘን የክብደት ነው። «ምጥን ሽሮ» የምንለውም የተመጠነ፣ ልኩ የተጠበቀ ለማለት ነው። ሽሯችን በስሙ ልክ ጠብቁ እያለን፣ እኛ እፍኝ እናደርጋለን።

በመስፈር ልጀምር። ብዙዎቻችን የምንጠቀመው እሱን ነው።

ቁናን ወላጆቻችን ያውቁታል። አንድ ዳውላ 20 ቁና ነው፤ አንድ ቁና እህል ወደ አምስት ኪሎ ይጠጋል። «ይጠጋል» ያልኩት በምክንያት ነው። የአንዱ አገር ቁና ከሌላው ይለያል፣ ጤፍና ገብስ ደግሞ አንድ ቁና ሞልተው እኩል አይከብዱም። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚባለው አለነገር አይደለም። ቁናው እንደ ሰፋሪው እጅ ነው። ዛሬ ቤት ውስጥ ቦታውን የወሰደው ጣሳ ነው፤ የድልህ ጣሳ፣ የወተት ጣሳ፣ የዘይት ጆግ።

ጣሳ የሚሳሳተው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው አሞላሉ ነው። የድልህ ጣሳዬን ወስጄ ከወፍጮ የመጣ ሽሮ በማንኪያ እያፈሰስኩ ሞላሁና አፉን በቢላ ጀርባ ጠረግኩት። ሚዛኑ 446 ግራም አለ። ያንኑ ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ሃያ ጊዜ ያህል መታ መታ አደረግኩት። ሽሮው ቁጭ አለ። እንደገና ሞልቼ ጠርጌ ስመዝን 551። ከመቶ ግራም በላይ ልዩነት፣ በአንድ ጣሳ! ዓይን ደግሞ ምንም አያይም፤ ሁለቱም ጊዜ ጣሳው ሙሉ ነው። ገበያ ላይ ሻጭዋ ጣሳውን ነቅነቅ አድርጋ ስትሞላልሽ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለሽ ውሰጂ። ምርቃት ማለት ያ ነው።

ሁለተኛው የዱቄቱ ዓይነት ነው። የላመ ሽሮና ሸካራ ሽሮ፣ ያረፈ በሶና አሁን የተነፋ በሶ፣ ሁሉም ለየብቻ ናቸው። ከወፍጮ ትኩስ ሆኖ የመጣ ዱቄት አየር ስላለው ያብጣል። ከረጢት ውስጥ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ ይቀመጣል።

ይህን ሁሉ ብዬ ጣሳን ጣሉት አልልም። ለዕለት ምግብ ጣሳ ይበቃል። ለበሶ ማን ይመዝናል? ደግሞም ጣሳ ባትሪ አይፈልግም፣ መብራት ሲጠፋ አይቆምም፣ ልጅ ቢጥለው አይሰበርም። ግን አንድ ጊዜ ሚዛን ተበድራችሁ ጣሳችሁን አስተካክሉት። ሽሮውን በማንኪያ እያፈሰሳችሁ፣ ሳትነቀንቁ፣ 400 ግራም ሲሞላ እዚያች ልክ ላይ ውስጡን በምስማር ጫሩት። የላስቲክ ፕላስተር ለጥፋችሁ «ሽሮ 400» ብላችሁ ጻፉበት። ለበርበሬው ሌላ ምልክት ነው፤ የሽሮው መስመር ለበርበሬ አይሠራም። ከዚያ በኋላ ጣሳውን የሚሞላው አንድ ሰው ይሁን። እኔ ቤት ይህን ሥራ ለታናሽ ወንድሜ የሰጠሁ ቀን ሁሉም ነገር ተበላሸ። እሱ ጣሳውን ጆንያው ውስጥ አጥልቆ እንደ አካፋ ነው የሚዝቀው።

ማንኪያ ከጣሳ ጋር አንድ ነው፤ ያነሰ ጣሳ ማለት ነው። ደረጃውን የጠበቀ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ጓዳችን ያሉት ግን እንደ ፋብሪካቸው ነው። ለጥ ብሎ የተጠረገ አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ወደ 6 ግራም ነው፤ ስኳር ወደ 4፣ እርድ ወደ 3። አንድ ማንኪያ፣ ሦስት የተለያየ ክብደት። የተቆለለ ማንኪያ ደግሞ ከተጠረገው እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ማንኪያ በጥብቅ የሚሠራባቸው ነገሮች አሉ። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው፣ የተዘጋጀው የተቅማጥ ዱቄት (ኦአርኤስ) ከሌለ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ሁሉም የተጠረገ። እዚህ ላይ «ትንሽ ጨመር ላድርግ» አይባልም፣ ጨው ሲበዛ ልጅ ይጎዳል። ለሕፃን የሚበጠበጠው የጣሳ ወተትም እንዲሁ ነው። ውስጡ ያለችው ማንኪያ የዚያ ጣሳ ብቻ ናት፤ የሌላው ዓይነት ወተት ማንኪያ ትልቅ ወይም ትንሽ ሊሆን ይችላል። ሳይጫኑ ሞልቶ መጥረግ ነው። እህል ላይ የሚነሰነስ የነቀዝ መድኃኒት የተሰፈረበት ማንኪያ ደግሞ ወደ ጓዳ አይመለስም። ታጥቦም ቢሆን።

አሁን ወደ ሚዛኖቹ።

ባለ ሁለት ሳህኑን ሚዛን ሰው ረስቶታል። በአንዱ ሳህን ድንጋዩ፣ በሌላው ዕቃው። ድሮ ድንጋዩ ገንዘብም ይሆን ነበር፤ የማሪያ ቴሬዛ ብር ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፣ ወቄት የምንለው ልክም እሱ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአንኮበር በታች አልዩ አምባ ገበያ ላይ ያ ብር ከአሞሌ ጨው ጋር ይዘዋወር ነበር። ይህ ሚዛን ዛሬም አንደኛ የሆነበት ነገር አለ። ባትሪ የለውም፣ ቶሎ አያረጅም፣ ሳህኖቹ ባዶ ሆነው እኩል ካልቆሙ መሳሳቱን ልጅም ያያል። ችግሩ ድንጋዮቹ ናቸው። አንዷ ስትጠፋ ሰው በጠጠር ይተካታል፤ ከዚያ ወዲያ እግዜር ይወቀው። ሥራውም ቀርፋፋ ነው። 30 ላስቲክ ሽሮ ለማሸግ ከሆነ ትዕግስት ይጠይቃል።

ባለ ስፕሪንጉን፣ መርፌው ሰዓት ላይ እንደሚዞረው ያለውን፣ ለዱቄትና ለቅመም አልመክርም። ሥጋ ቤትና ሽንኩርት ቤት ይሆናል። መስመሮቹ የተራራቁ ናቸው፤ መርፌውን ከቀኝና ከግራ ቆመው ሲያዩት የተለያየ ቁጥር ያነባል። ስፕሪንጉም ከብዶበት በከረመ ቁጥር ይላላል። እጅ ላይ አንጠልጥለው የሚመዝኑት ትንሹ ደግሞ ለሻንጣ ነው የተሠራው።

ስለዚህ ብዙው ሰው የሚመጣው ወደ ዲጂታል ነው። እሱም አንድ ዓይነት አይደለም።

የኩሽናው፣ 5 ኪሎ የሚይዝና በ1 ግራም የሚቆጥር፣ ለቤት ሥራ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። በሁለት ትንንሽ ባትሪ ይሠራል፣ ስስ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ሳህን አስቀምጣችሁ «ቴር» የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ የሳህኑ ክብደት ይጠፋና ዜሮ ይላል። ከዚያ አተሩን፣ እንደገና ዜሮ፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ እንደገና ዜሮ፣ እያላችሁ በአንድ ሳህን ሁሉንም ትመጥናላችሁ። ይህች ቁልፍ ብቻዋን ዋጋውን ታወጣለች።

ግን ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ዜሮ ላይ ቆሞ ሳለ ቅርንፉድ አንድ አንድ ፍሬ ብትጥሉበት ላይነቃ ይችላል። ብዙዎቹ ሚዛኖች ትንሿን ለውጥ «ነፋስ ነው» ብለው ራሳቸውን ወደ ዜሮ ይመልሳሉ። አሥር ፍሬ ጥላችሁ አሁንም ዜሮ ይላል፣ እናንተም ትጨምራላችሁ። መላው ቀላል ነው። ቅርንፉዱን በሌላ ስኒ ሰብስባችሁ አንድ ላይ አስቀምጡት። ወይም ስኒውን አንስታችሁ ቅርንፉዱን ከጨመራችሁበት በኋላ መልሱት፣ ያኔ ይነቃል።

ሌላው፣ በ1 ግራም የሚቆጥር ሚዛን ለ5 ግራም ነገር አይሆንም። አንድ ግራም ቢስት እኮ አንድ አምስተኛ ሳተ ማለት ነው። ለዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ትንሿን የኪስ ሚዛን መግዛት ነው፤ 200 ወይም 500 ግራም ትይዛለች፣ የግራም አንድ መቶኛ ታነባለች። ጎበዝ ናት፣ ግን ቅብጥ ናት። መስኮት ተከፍቶ ከሆነ የደብረ ብርሃን ነፋስ ቁጥሯን እንደ እስክስታ ትከሻ ያነቃንቀዋል። ሳህኗም የእጅ መዳፍ ታክላለች፣ በርበሬ አትይዝም።

ሁለተኛው መንገድ ገንዘብ አያስወጣም፣ እኔም የምከተለው እሱን ነው። ቅመሙን ለአንድ ኪሎ ሳይሆን ለአሥር ኪሎ አንድ ጊዜ መዝኑት። ለኪሎ 5 ግራም ቅርንፉድ ከሆነ ለአሥር ኪሎ 50 ግራም ነው፤ 50 ግራምን የኩሽና ሚዛን በደንብ ያውቀዋል። ኮረሪማውን፣ ቅርንፉዱን፣ ቁንዶ በርበሬውን፣ ጥቁር አዝሙዱን እንዲህ መዝናችሁ አብራችሁ ፍጩና ቀላቅሉ። የወጣውን ድምር ለአሥር አካፍሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ኪሎ ድርሻውን መዝናችሁ መጨመር ብቻ ነው። የኪስ ሚዛኗን ከገዛኋት በኋላ ይህን ዘዴ ስለለመድኩ፣ አሁን መሳቢያ ውስጥ ተኝታለች።

ሱቅ ያላቸው ደግሞ ዋጋ የሚያሰላውን ትልቁን ይገዛሉ። 30 ወይም 40 ኪሎ ይይዛል፣ ቻርጅ ይደረጋል፣ መብራት ሲሄድም ሰዓታት ይሠራል። ለሚሸጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ደንበኛውም ቁጥሩን በራሱ በኩል ያያል። ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ ግን አንብቧት። «ማክስ 30 ኪሎ፣ ሚን 100 ግራም፣ ኢ 5 ግራም» ዓይነት ነገር ትላለች። ከ100 ግራም በታች አትመኑኝ፣ የምቆጥረውም በአምስት አምስት ነው ማለቱ ነው። በዚህ ሚዛን 20 ግራም ኮረሪማ መዝኖ የሸጠ ሰው ወይ ራሱን ወይ ገዢውን ጎድቷል። ለንግድ የምትጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ የሚዛን ቁጥጥር ያለበት ሥራ ስለሆነ በአካባቢያችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ አስመርምሩት።

እዚህ ላይ አንድ ለኛ አገር የሚሆን ነገር ላንሳ፤ ስሰማው ገርሞኛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዲጂታሉም ስፕሪንጉም የሚያነቡት ምድር ዕቃውን የምትስብበትን ኃይል ነው። ያ ኃይል ወደ ምድር ወገብ ሲጠጉና ወደ ደጋ ሲወጡ ትንሽ ይቀንሳል። አውሮፓ ውስጥ ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን እዚህ አንድ ኪሎውን ወደ ሦስት ግራም አሳንሶ ያነባል። ለሽሮ ምንም አይደለም። ለኩንታል ግን 300 ግራም ነው። ባለ ሁለት ሳህኑ ሚዛን በዚህ አይታማም፤ ስበቱ የቀነሰው ለድንጋዩም ለዕቃውም እኩል ነው። ከዚህ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይዛችሁት ብትወርዱስ? በአንድ ኪሎ ልዩነቱ ከግማሽ ግራም አያልፍም። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ያለ ዘመድ ሽሮ ጎደለብኝ ካለ በስበት አታመኻኙ።

ሚዛን ትክክል መሆኑን ለማወቅ ውኃ ይበቃል። ከመድኃኒት ቤት ትልቅ ሲሪንጅ ግዙ። አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ ግራም ነው። ስኒ አስቀምጣችሁ ዜሮ አድርጉና በ50 ሚሊ ሲሪንጅ አሥር ጊዜ ቅዱበት። 500 ወይም እዚያው አካባቢ ካለ ይሁን። 480 ካለ መልሱት። ስትገዙም ሱቁ ውስጥ የታሸገ የግማሽ ሊትር ውኃ አስቀምጡበት፤ ውኃው 500፣ ፕላስቲኩ ጥቂት ግራም ይጨምራል። ከ500 በታች ካሳየ ሌላ አምጣ በሉት። ቀጥሎ ጠርሙሱን ከመሃል ወደ ሳህኑ ጥግ አንቀሳቅሱት። ጥሩ ሚዛን ቁጥሩን አይቀይርም።

ብርዱን አትርሱ። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሲወርድ ጠዋት ጓዳ ውስጥ ያደረ ሚዛን ይወላገዳል። ባትሪውም ይደክማል፤ አልቋል ብላችሁ ስትጥሉት ከሰዓት በኋላ ይሠራ የነበረ ነው። አብርታችሁ ትንሽ አቆዩት፣ ከዚያ ዜሮ አድርጋችሁ ጀምሩ። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይሁን እንጂ የምንጣፍ ወይም የፍራሽ ጫፍ ላይ አይደለም።

ሚዛንም የሚታለልበት አለ፤ እርጥበት። ሳይደርቅ የመጣ በርበሬ ይከብዳል። አሥር ኪሎ ገዝታችሁ አንድ አምስተኛው ውኃ ከሆነ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ደርቆ እርጥበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ 8.9 ኪሎ ገደማ ነው የሚቀራችሁ። ከአንድ ኪሎ በላይ ውኃ በበርበሬ ዋጋ ገዛችሁ ማለት ነው። እዚህ ላይ ከየትኛውም ሚዛን ጆሮ ይበልጣል። ዛላውን ነቅነቅ ስታደርጉት ፍሬው ውስጡ ካልተንኳኳ፣ ሲታጠፍም ካልተሰበረ ገና ነው። ወፍጮ ቤት ያስገባችሁትንና የወጣውን መዝኑ። እኔ አንዴ ሲጎድልብኝ፣ «ጋሼ፣ ሁለት ኪሎው የት ሄደ?» ብዬ ወፍጮ ቤቱን ተጣላሁ። ሽማግሌው ምንም ሳይሉ ግድግዳውንና የራሳቸውን ፀጉር አሳዩኝ። ቀይ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሁለት ኪሎ ይበዛል፤ የቀረው የእርጥበት መሆኑን ያወቅኩት በሚቀጥለው ዓመት አድርቄ ስወስድ ነው።

እናቴ ሚዛኑን ስታይ ሳቀች። «እጄ እያለ?» አለች። ጨው በእፍኟ አንስታ ሳህኑ ላይ አደረገች፤ 58። ገለበጥኩት። ደግማ አነሳች፤ 61። ሦስተኛ ጊዜ 59። አርባ ዓመት የሠራ እጅ ነው፣ ምን ይባላል። የኔን እፍኝ ስንመዝን 44፣ ቀጥሎ 70 ሆነ። «አንቺ ሚዛኑን ያዢ» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ምን ልግዛ ላለኝ ሰው እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ለቤትሽ ብቻ ከሆነ ምልክት የተደረገባት ጣሳ ትበቃሻለች፤ ጨውና ጠንካራ ቅመም ብቻ በተበደርሽው ሚዛን አንዴ መዝነሽ ማንኪያሽን እወቂው። ለዘመድ የምትልኪ ወይም ሽሮሽ ዛሬና ከርሞ አንድ ጣዕም እንዲኖረው የምትፈልጊ ከሆነ ባለ 5 ኪሎውን የኩሽና ሚዛን ግዢ። የምትሸጪ ከሆነ ባለ ቻርጁን ትልቁን ለደንበኛ፣ የኩሽናውን ለቅመም፣ ሁለቱንም ያዢ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ለኪስ ሚዛን ግን አትቸኩዪ። ስታስቀምጪው ባትሪውን አውጪው፣ በላዩም ዕቃ አትደርቢበት።

ለእህቴ አሁን በኪሎ ሽሮ 30 ግራም ደቃቅ ጨው መዝኜ ላክሁላት። ኩራቴ ከሚዛኑ በላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ደወለች። «አሁን ደግሞ አልጫ ሆነብኝ።» አልተከራከርኩም። ደብተሬን አውጥቼ ከስሟ ጎን ያለውን 30 ሰረዝኩና 36 ብዬ ጻፍኩ።